ከበሩ አጠገብ ያለው ሽንት ቤት

እናቴ ትሙት ብዬ እንዳልምል፣ እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ቤቴ ይፍረስ እንዳልል፣ ጎርፉ ቀድሞኝ አፍርሶታል። የቀረኝ ሀብት ጉሮሮዬ ነውና በእሱ ልማል፤ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ዝንፍ ብትል ጉሮሮዬ ይዘጋ፣ እንደ ጫጩት ጭው ጭው እያልኩ ልቅር። ለመጻፍ የተነሳሁትም ሌሎች ታሪኩን እያዛቡ ሲያወሩት ብሰማ ነው። ሰው መቼም ከወሬ ላይ መቀነስ ይወዳል። እኔ እንኳ የምነግራችሁ ሞልቶ የፈሰሰውን ትቼ ነው።

የሚጠሩኝ ጡሩምባ ብለው ነው። አባቴ ያወጣልኝን ስም የምታውቀው ታላቅ እህቴ እታለም ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠራኝ ስትቆጣ ነው። ጡሩምባ የተባልኩት መናኸሪያ ነው፤ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። አውቶቡሶቹን በወረፋ አስገባለሁ፣ ተሳፋሪ እጠራለሁ። እኔ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ቀረ!» ብዬ ስጮህ በሚቀጥለው ከተማ ያለ ሰው ሻንጣውን ብድግ ያደርግ ነበር። አውቶቡሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ተፈቶ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ሰው ቀረ ካልኩ ግን ሞላ ማለት ነው። የእኛ ሙያ ያልተጻፈ ሕግ አለው፤ ተራ አስከባሪ ቢገርፉት መኪናው ተበላሽቷል ብሎ አይጠራም። እኔም ይህን ሕግ ከአንድ ቀን በቀር ጥሼው አላውቅም። የምነግራችሁ የዚያን ቀን ነገር ነው።

ጎርፉ ሰፈራችንን ጠራርጎ ከወሰደው በኋላ ያረፍነው አንድ የድሮ የሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘን ስላችሁ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ከወዲያኛው ጫፍ ያስነጠሰ ሰው «ይማርህ» የሚለው መልስ እስኪደርሰው ጉንፋኑ ይለቀዋል። ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚለየው ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሸራ ነው። ግድግዳ ሸራ ሲሆን ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም፤ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ብስኩት ደብቆ እንደሚበላ ሁሉም ያውቃል። ወለሉ ለዘመናት ሲሚንቶ ስለጠጣ ብትጠርጉትም አቧራው ነጭ ነው። ጠዋት ስንነሳ ሁላችንም የሽማግሌ ቅንድብ አብቅለን ነው የምንገኘው።

የእርዳታ ድርጅቱን ውለታ አልክድም። ውሃ በቦቴ ያመጣል፣ ብርድ ልብስ ሰጥቷል፣ ሽንት ቤትም ሠርቷል። ጣጣው ያለው ሽንት ቤቱ ላይ ነው። ሰማያዊ ፕላስቲክ ናቸው፤ ተደርድረው ሲታዩ ያምራሉ። የተተከሉት ግን ከግቢው ማዶ፣ የጭነት መኪኖች ከሚዞሩበት ሜዳ ባሻገር፣ አጥሩ ጥግ ነው። ጎርፍ እንዳይገባባቸው ተብሎ ከፍ ካለ የእንጨት መድረክ ላይ ቆመዋል። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ መደገፊያ የለውም። ለጤነኛ ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ እኔ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ፣ ለዚያውም እያፏጨሁ ነበር የምወጣው።

እታለምን ግን ጎርፉ ያመጣው ግንድ ዳሌዋን መትቷታል። የምትሄደው አንድ የፕላስቲክ ወንበር ከፊቷ እየገፋች ነው፤ ትደገፈዋለች፣ ሲደክማት ትቀመጥበታለች። ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ሆና የሰው ልብስ ትጠግናለች። ወንበር ደግሞ ደረጃ አይወጣም። እኔ እሷንም ወንበሩንም በአንድ እጄ አንስቼ ባደርሳት አይከብደኝም ነበር፤ እሷ ግን «ወንድም እህቱን ሽንት ቤት ተሸክሞ ሲሄድ የት አይተሃል?» ብላ አፌን አዘጋችኝ። ጎረቤታችን ጎህ ሲቀድ፣ ወደ ቀን ሥራዋ ከመሄዷ በፊት፣ ደግፋ ታደርሳታለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሌላው ጎህ ማንም የለም።

ስለዚህ እታለም ምን አደረገች? ውሃ መጠጣት አቆመች።

ባንዴ አይደለም፣ ቀስ እያለች ነው። መጀመሪያ ከምሳ በኋላ መጠጣት ተወች። ቀጥሎ ከረፋድ በኋላ። ስሰጣት «አልጠማኝም» ትለኛለች። ከንፈሯ ውሃ እንደሸሸው ኩሬ ተሰነጣጠቀ። የምትጎበኘን ነርስ የእጇን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው፣ ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆመ።

«እማማ፣ ኩላሊትዎ እየተጎዳ ነው። መጠጣት አለብዎት፤ ካልጠጡ አደጋ ነው።»

«እሺ ልጄ» አለች እታለም ፈገግ ብላ። ነርሷ ፊቷን ስታዞር ኩባያውን ለእኔ አቀበለችኝ።

እንዲህ እያለን ነው ባለኪሷ የመጣችው። ወጣት ልጅ ናት፤ የለበሰችው ሰደርያ ከጨርቁ ኪሱ ይበዛል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። የድርጅቱ የተጠያቂነት ባለሙያ መሆኗን ነገረችን። ሕዝቡን ሰብስባ «ድርጅታችን ለእናንተ ተጠያቂ ነው» ስትል ሕዝቡ ደነገጠላት። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው፣ ዲሬክተሩ እንላቸዋለን። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ።

«ምን አጥፍታችሁ ነው ልጄ?»

«አይ፣ አላጠፋንም። ማለቴ... ካጠፋን...»

«ማንም አልከሰሳችሁም። በሉ ተረጋጉ።»

አንዲት እናት ከኋላ ከንፈሯን መጠጠችና «እኔን! ማን አስፈራርቷት ነው ይቺን ልጅ?» አለች።

ባለኪሷ ተስፋ አልቆረጠችም። ከሸራ ሸራ እየዞረች ምን እንደጎደለን ትጠይቅ ጀመር። መልሱ አንድ ነበር፤ እግዜር ይስጥልን፣ ምን ይጎድላል! የሚያጎርስ እጅ እንዴት ይነከሳል? እሷ ስትሄድ ግን ማጉረምረሙ እንደ ንብ ቀፎ ይነሳል። እታለምን ሳይቀር ጠይቃት ነበር።

«እማማ፣ ሽንት ቤቱ ይመችዎታል?»

«ውይ፣ በጣም ቆንጆ ነው ልጄ። ቀለሙ ብቻ!»

ልጅቷ ግን ሞኝ አልነበረችም። የእታለምን ከንፈር አይታለች፤ ሙሉውን ኩባያም አይታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቦቴው ዘንድ ወረፋ ሳስይዝ መጥታ ጎትታ ገለል አደረገችኝ። እዚያም ቢሆን ተራ የማስከብረው እኔ ነኝ፤ እኔ ባልኖር ሕዝቡ ቦቴውን ከነሹፌሩ ይጠጣው ነበር።

«ጋሼ ጡሩምባ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት።»

«አንድ ብቻ? እኔ ሚኒስትር ያማከርኩ ሰው ነኝ።» ይህም እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ሚኒስትር መንገድ ጠፍቶበት ጠይቆኛል።

አልሳቀችም። «ስለ ሽንት ቤቱ ለዋናው ቢሮ ደጋግሜ አመልክቻለሁ። የሚመልሱልኝ ነዋሪዎቹ ረክተዋል እያሉ ነው። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር የሚሰሙት ምስጋና ብቻ ነው። አሁን ሥራውን በገንዘብ የሚደግፉት ሰዎች ራሳቸው ሊያዩ ሊመጡ ነው። እኔ ብናገር ሠራተኛ አማረረች ይባላል። ከእናንተ አንድ ሰው በእነሱ ፊት ቆሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ግን ዝም ማለት አይችሉም። ከበሩ አጠገብ፣ ከመሬቱ ጋር እኩል የሆነ አንድ ሽንት ቤት፤ ይኸው ነው።»

«ማንም ካልተናገረስ?»

«ለሌሎቹ መጠለያዎችም እንደዚሁ ዓይነቶቹ ይታዘዛሉ። ከነመድረካቸው።»

«ልጄ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለእኔ ስድብ ነው» አልኳት። «መቶ እናገራለሁ!»

«አንድ ይበቃል ጋሼ። እባክዎ፣ አንዷን ብቻ።»

ወደ ቤታችን፣ ማለትም ወደ ሸራችን ስገባ ለእታለም ነገርኳት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና አለች።

«የእኔን ሽንት በማይክሮፎን ልታወራው ነው?»

«ስምሽን አልጠራም።»

«እዚህ መጋዘን ውስጥ ወንበር የሚገፋ ሌላ ማን አለ? አንዲት ሴትዮ ያልክ እንደሆነ ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ እኔን ነው የሚያየኝ።»

«አቅም የሌላቸው እናቶች እላለሁ። አበዛዋለሁ።»

«ማብዛቱንስ ማን ብሎህ!» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም አወጣ፤ በመሀረቧ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ መርፌዋን ከጨርቁ ነቀለች፣ መልሳ ሰካችው።

«ወንድም ዓለሜ» አለችኝ በመጨረሻ። «አልጠማኝም የምልህ አፍሬ ነው። ይጠማኛል። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ ነው የሚነጋልኝ። ቦቴው ሲንቆረቆር ስሰማ ጆሮዬን እይዛለሁ። ተናገርልኝ። ካፈርኩም ልፈር።»

እኔ አላለቀስኩም። የመጋዘኑ አቧራ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ሲሚንቶ ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ይጠነክራል።

ወሬ በሸራ ውስጥ ያልፋል ብያችኋለሁ። በነጋታው ዲሬክተሩ ፈልገውኝ መጡ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«ጡሩምባ፣ የሰማሁት እውነት ነው?»

«ምን ሰሙ ጋሼ?»

«እንግዳ ፊት ልታማርር ነው አሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች እንዲሁ አማርረው ቦቴው ቀረባቸው ይባላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ይባላል ነዋ! የሚባል ነገር ባለቤት አለው? አንተ ታውቃለህ። ለእህትህ እኔም አዝናለሁ። ግን ሕፃናቱ አሉ፣ አራሶቹ አሉ። የአንድ ሰው ነገር ብለህ የሕዝቡን ውሃ እንዳታስደርቅ።»

እኔ ምን አልኩ? «ጋሼ፣ ከፈጣሪና ከእታለም በቀር የምፈራው ፍጡር የለም!» አልኳቸው። ድምፄ ብቻ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አነሳው። ገርጥተው፣ ይቅርታ ለምነው ሄዱ። እጃቸው ግን ከትከሻዬ ላይ ሲነሳ አልታወቀኝም፤ ከሄዱ በኋላም የከበደኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ደግሞ የእኛ ሰው መች አርፎ ይቀመጣል! መጋዘኑ ተጠረገ፣ ሸራዎቹ ታጠቡ፣ ሽንት ቤቶቹ ተፈግፍገው አበባ መሰሉ። ይሄኔ ነው አንዷ ሴት ደረጃው ሥር ቆማ «ቆይ እስቲ፣ እንግዳዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው አሉ፤ ከዚህ ላይ ቢወድቁስ?» ያለችው።

ሕዝቡ ደነገጠ። እንግዳ ደጃችን ላይ ወድቃ እግሯ ቢሰበር ምን ፊት ይዘን ሰው እናያለን? ስንት ጊዜ እየወጣን እየወረድን ማንንም ያላስደነገጠ ደረጃ ያን ዕለት ገደል ሆኖ ታየ። መደገፊያ ይሠራ ተባለ። እንጨት የለ፣ ብረት የለ። ከመጋዘኑ በር ላይ የእታለም ድምፅ መጣ።

«የእኔን አልጋ ራስጌ ለምን አትወስዱትም?»

የብረት አልጋዋ ከጭቃ ውስጥ ቆፍረን ያወጣነው ነው፤ ከቤታችን የተረፈው ብቸኛ ዕቃ። ራስጌውን ፈታሁት፣ ወስጄ ከደረጃው ጎን በሽቦ አሰርኩት፣ ቀለም ለምኜ ሰማያዊ ቀባሁት። እንዴት ያለ መደገፊያ ወጣው መሰላችሁ! ዝሆን ከነግልገሉ ቢደገፈው ንቅንቅ አይልም። መሐንዲሶች ቢያዩት ዲግሪያቸውን ይመልሱ ነበር። ሕዝቡ እያጨበጨበልኝ ሳለ ባለኪሷ ደረሰች። ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መደገፊያ ነዋ! ለእንግዶቹ።»

«እኛ የፈለግነው እኮ አለመኖሩን እንዲያዩ ነበር።»

«ታዲያ እንግዳ ይውደቅ?»

ዙሪያዋን አየች፤ ሁሉም ፈገግ ብሎ ምስጋና ይጠብቃል። «እሺ» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲህ ጋሼ፣ የቀረን የእርስዎ አፍ ብቻ ነው።»

መጡ። መኪኖቹ ነጫጭ ነበሩ፤ ብዛታቸው የፊተኛው ሲቆም የኋለኛው ገና ከአገሩ አልተነሳም። ትልቋ እንግዳ ጸጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚራመዱ ሴት ናቸው። ቀጥ ብለው ወደ ሽንት ቤቱ ሄዱ። ደረጃውን ሲወጡ የእታለምን ራስጌ ያዝ አደረጉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ፣ አጠገባቸው ያለው ሰውዬ ፎቶ አነሳ። ወርደው ወደ መጋዘኑ ገቡ።

ዲሬክተሩ አመሰገኑ። አመሰገኑ፣ አመሰገኑ፣ ውሃ ጠጥተው እንደገና አመሰገኑ። ሲጨርሱ ትልቋ እንግዳ ተነሡና በባለኪሷ አስተርጓሚነት ጠየቁን።

«ምስጋናችሁን ሰምተናል። አሁን ደግሞ የማይመቻችሁን ንገሩን። ሽማግሌዎችና አቅመ ደካሞች ሽንት ቤቱን ያለ ችግር ይጠቀማሉ? እውነቱን ብትነግሩን አንቀየምም።»

ሁሉም እኔን አየኝ። ዲሬክተሩ የባርኔጣቸውን ጠርዝ ያሻሹ ነበር። እታለም በሩ አጠገብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ማይክሮፎኑ እጅ ለእጅ እየተቀባበለ መጥቶ እጄ ገባ።

አሁን ስሙኝ፤ ጉሮሮዬ ይዘጋ ያልኩት ለዚህ ነው። ማይክሮፎኑን ወረወርኩት። በእሱ ብናገር የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተነቅሎ ይሄድ ነበር። ደረቴን ነፋሁና «አይጠቀሙም!» አልኩ። ጣሪያው ላይ የሰፈሩት ርግቦች በሙሉ ተነሱ። «እዚህ መጋዘን ውስጥ ውሃ በር ላይ ቆሞ በጥም የሚደርቁ እናቶች አሉ! የሠራችሁት ሽንት ቤት ለዓይን ነው፣ ለሰው አይደለም! የያዛችሁት መደገፊያ የአልጋ ራስጌ ነው፤ ለእናንተ ክብር የታሰረ፣ ነገ የሚፈታ! ስትሠሩ ማንን ጠየቃችሁ? ከበሩ አጠገብ፣ ከመሬት እኩል፣ አንድ ሥሩልን!» ሌላም ብዙ ተናግሬያለሁ፤ ብዕር አይችለውም እንጂ።

ትልቋ እንግዳ አለቀሱ። ፎቶ አንሺው አለቀሰ። ውጭ የቀሩት ሹፌሮች ምክንያቱን ሳያውቁ አለቀሱ፤ የመኪናዎቹ መስታወት ሳይቀር ረጠበ። ዲሬክተሩ ተንበርክከው ትከሻዬን ሳሙ። ትልቋ እንግዳ ወደ እታለም ሄደው እጇን ይዘው «ከዛሬ ጀምሮ አለቃዬ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ለእርስዎ ነው መልስ የምሰጠው» አሏት። በነጋታው አሸዋና ጡብ የጫነ መኪና ደረሰ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ሽንት ቤቱ ቆመ። ከበሩ አጠገብ፣ ከመሬት እኩል፣ ነጭ፣ ሰፊ፤ ሠርግ ቢደገስበት ሰው አይጋፋም። በግራም በቀኝም መደገፊያ አለው። በሩ መግባት ገና ስታስቡ ይከፈታል። እታለም አሁን ውሃ የምትጠጣው እንደ ግመል ነው፤ የቦቴው ሹፌር «ጡሩምባ፣ እህትህን ያዝልኝ፣ ለሌላው አልደርስ አልኩ» ብሎ ለምኖኛል። ባለኪሷም ሹመት አገኘች፤ ኪሶቿ ተጨመሩላት።

ባለፈው ሰሞን ወንዙ እንደገና ሞልቶ አዲስ ሰዎች መጡብን። ቦታ የተሰጣቸው በሩ አካባቢ ነው። እግራቸው ጭቃ፣ ጥቅልላቸው ጭቃ፣ ፊታቸው ደግሞ እኛ የመጣን ዕለት የነበረን ፊት። አንድ ሰውዬ ውሃ የገባበት ራዲዮ ታቅፎ ያራግፋል። እግሯ ያበጠ አንዲት አሮጊት በልጇ ትከሻ ተደግፋ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ወግ ነው። መሀላቸው ቆምኩና ይህንኑ ለእናንተ የጻፍኩትን፣ ከማይክሮፎኑ እስከ ርግቦቹ፣ ከሹፌሮቹ ዕንባ እስከ ነጩ ሽንት ቤት አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ባለራዲዮው ሳቀ። ነባሮቹ ጎረቤቶቼ ግን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ አንድ በአንድ ወደ ሸራቸው ገቡ።

ስጨርስ አሮጊቷ የልጇን ትከሻ ይዛ በጭንቅ ተነሳች።

«ተባረክ ልጄ። እንደ አንተ ያለ ወንድም ይብዛ። እኔስ ከመንገድ ጀምሬ ይዤው ነው የመጣሁት፤ ሰው ፊት መናገሩ አሳፍሮኝ ነው። በየት በኩል ነው? ከበሩ አጠገብ ነው ያልከኝ?»

በሩን አየች። እኔም በሩን አየሁ።

«አሁን... ቀለም እየተቀባ ስለሆነ...» አልኩ። «አንድ ሁለት ቀን...»

«ኧረ እኔ ቀለም አልልም ልጄ፣ ብቻ አሳየኝ።»

እታለም በዚያው በሩ አጠገብ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ትጠግን ነበር። ቀና አላለችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«የለም እናቴ» አለች። «እዚህ የተሠራ ነገር የለም።»

የአሮጊቷ ልጅ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች።

«አልተናገረም» አለች እታለም፣ መርፌዋን እየሳበች። «ማይክሮፎኑን ይዞ ብዙ ጊዜ እኔን አየኝ። ከዚያ ሽንት ቤታችን አንደኛ ነው፣ መደገፊያውንም ራሳችሁ ይዛችሁታል አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ልጅቷ ቃሉን ስታስተረጉም ድምፅዋ እምቢ አላት፤ ከዚያ ወዲህ አላየናትም። እንግዳዋ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ራስጌውን በነጋታው ወደ አልጋዬ መለሰልኝ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። በዳሌዋ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳችና ወንበሩን ወደ አሮጊቷ ገፋ አደረገችላት።

«ይህን እየገፉ ይሂዱ፤ ደረጃው ላይ ልጅዎ ትያዝዎ። ሩቅ ነው፣ ግን ገና ብርሃን አለ። ሲመለሱ ውሃ ያመጡልዎታል። ከንፈርዎን ብቻ ያርጥቡ እንጂ አይዋጡት። እስኪነጋ ያቆይዎታል።»